ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ ቡናውን ያፈላችሁበትን የከሰል ምድጃ ግን መጀመሪያ ወደ ደጅ አውጡት። ለምን እንዳልኩ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። እዚህ ንያኩሮን፣ ከባህል ማዕከሉ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተደረደሩ ክፍሎች ነው የምንኖረው። አንድ ጎረቤቴ፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ወጣት፣ ማታ ስልኩን ይዞ መጣ።

"ቲቸር፣ አንዴ ይቺን ይዩልኝ።"

አየሁለት። ቪዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ተራ ቁም ሳጥን ከፈተ። ውስጡ ደማቅ መብራት አለ፤ ከላይ ትንሽ ቬንትሌተር ተገጥሟል፤ ከቬንትሌተሩ ጋር ደግሞ የብረት በርሜል የሚመስል ነገር ተያይዟል። ከታች ካናቢስ በቅሏል። ሰውየው በኩራት ሳጥኑን ዘጋና "ክፍሉ ውስጥ ምንም ሽታ የለም" አለ።

"እውነት ነው ቲቸር? እንዴት ነው የሚሠራው?"

እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። "እንዴት ነው የሚሠራው?" ተብዬ ዝም ማለት አልችልበትም። ግን መጀመሪያ እንደ ወንድም ተናገርኩት። ካናዳ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ጀርመን ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂ ሰው ጥቂት ተክል ቤቱ ውስጥ እንዲያበቅል ፈቅደዋል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በነገሩ ቢጣሉም ከጎረቤት ጋር ነው የሚጣሉት። እዚህ ግን የተከለከለ ነው። ስደተኛ ደግሞ በወረቀቱ ነው የሚኖረው። ዜጋ ተይዞ ቤቱ ይመለሳል፤ አንተ ግን የምትመለስበት ቤት ስለሌለህ ነው እዚህ ያለኸው አልኩት።

አቀረቀረ። ቀጥዬም "መልሱን ግን እነግርሃለሁ፤ ታሪኩ ከዚህ ቁም ሳጥን በላይ የእኛን አያቶች ይመለከታል" አልኩት። ለእሱ የነገርኩትን ነው ዛሬ አስፍቼ የምጽፍላችሁ።

*

የሰው ልጅ መጥፎ ሽታን ለማስወገድ ሦስት መንገድ ነው ያለው። ይሸፍነዋል፣ ያስወጣዋል፣ ወይም ይይዘዋል።

መሸፈኑን እኛ ሐበሾች እናውቅበታለን። እንግዳ ሲመጣ እጣን እናጨሳለን፣ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን፣ የወተቱን ቅል በወይራ እናጥናለን። እጣኑ ግን የቀድሞውን ሽታ አያጠፋውም። ሌላ የሚበረታ ሽታ ላዩ ላይ ይጨምርበታል እንጂ።

ማስወጣቱንም እናውቃለን። የአያቶቻችን ጎጆ ቤት ጭስ ማውጫ የለውም ብለን እናፍራለን። ሣር ክዳኑ ራሱ ግን ይተነፍስ ነበር። ጭሱ በሣሩ መካከል ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሲወጣም እንጨቱን በጥቀርሻ ቀብቶ ከምስጥ ይጠብቀዋል። እርግጥ የእናቶቻችን ዓይን ተለብልቧል፤ ጎጆው ጤናማ ነበር ብዬ አልዋሽም። አየሩ ግን መውጫ ነበረው። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ዝናብን ከሣር የተሻለ ይከላከላል፤ አይተነፍስም ግን። ቆርቆሮውን ተቀበልን፤ በሣሩ ምትክ ቀዳዳ መተው እንዳለብን ግን ማንም አልነገረን።

ሦስተኛው መንገድ መያዝ ነው። የዚያ ቁም ሳጥን ምሥጢር ይኸው ነው።

ቬንትሌተሩ አየሩን ከሳጥኑ ሲስብ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው በትንሹ ያንሳል። በዚህ ምክንያት በየስንጥቁ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ወደ ውጭ አያመልጥም። የሚወጣው በአንድ በር ብቻ ነው። በዚያ በር ላይ የተቀመጠው በርሜል መሳይ ነገር ደግሞ በከሰል የተሞላ ነው። አዎ፣ ከሰል! ሽሮ የምንሠራበት ከሰል የሥጋ ዘመድ ነው። ልዩነቱ በከፍተኛ ሙቀትና በእንፋሎት፣ አንዳንዴም በኬሚካል ተዘጋጅቶ ውስጡ እልፍ አእላፍ ቀዳዳ እንዲያወጣ መደረጉ ነው። አክቲቬትድ ካርቦን ይሉታል። ቀዳዳዎቹ በዓይን አይታዩም። የእነዚህ ቀዳዳዎች ግድግዳ ሁሉ ቢዘረጋ ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህሉ ብቻ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ስፋት ይኖረዋል። ሽታ የተሸከሙት ሞለኪውሎች በዚያ ሲያልፉ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። የሚወጣው አየር ሽታ የለውም።

ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከሰሉ ይጠግባል፤ ከጠገበ በኋላ የመጣው ሁሉ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ጋዝ አይይዝም፤ የሚይዘው ከበድ ያሉትን ሞለኪውሎች ነው። ሦስተኛ፣ የሚይዘው በእሱ ውስጥ ያለፈውን ብቻ ነው፤ በሌላ መንገድ የመጣውን አያውቀውም። የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው።

*

ከሰል ጋዝ እንደሚይዝ ካርል ሼሌ የተባለው ስዊድናዊ ኬሚስት በ1773 እ.ኤ.አ. አይቶታል። በ1785 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶቢያስ ሎቪትዝ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከሰል የፈሳሽን ቀለም እንደሚያነጣ አሳየ። ጉዳዩ ወደ ሽታ የዞረው ግን ለንደን ውስጥ በ1854 እ.ኤ.አ. ነው፤ ካሳ ኃይሉ ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው ጥቂት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ ለንደን ትገማ ነበር። የተማረው ሰው ሁሉ በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብሎ ያምናል፤ ኮሌራም፣ ንዳድም፣ ተስቦም። ጆን ስቴንሃውስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ኬሚስት ይህን አምኖ ተነሣ። ከሰል የተሞላ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሠራ። የለንደን ከንቲባ መኖሪያ በሆነው ማንሽን ሃውስ፣ ችሎት በሚቀመጥበት ክፍል፣ ከውጭ የሚገባውን የሸተተ አየር በከሰል የሚያጣራ ማስገቢያ ተገጠመ። ሠራ። ሽታው ጠፋ። ዛሬ ቁም ሳጥኑ ላይ የምታዩት በርሜል የዚህ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ ብሮድ ስትሪት በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ከ600 በላይ ሰው ጨረሰ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሟቾቹን ቤት በካርታ ላይ ምልክት እያደረገ ሲከተል መነሻው አንድ የውኃ ፓምፕ ሆኖ ተገኘ። ሰፈርተኛው የሚወደው ውኃ ነበር። የሚጠላ ሽታ ቢኖረው ማን ይጠጣው ነበር?

እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ሰው ሽታን አሸነፈ፤ ሌላው ደግሞ ገዳዩ ሽታው እንዳልነበር አሳየ። ስቴንሃውስ ሞኝ አልነበረም። መሣሪያው ትክክል ነው፤ ያመነው እምነት ግን ስሕተት ነበር። ሰው ግን የሚሸተውን ስለሚፈራ የስኖውን ነገር ለመቀበል ዓመታት ፈጀበት።

*

ሚያዝያ 22 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር በሚባል ቦታ ጀርመኖች ክሎሪን ለቀቁ። አረንጓዴ ቢጫ ደመና በነፋስ እየተገፋ ምሽግ ውስጥ ገባ። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዜሊንስኪ በዚያው ዓመት ከሰልን በጭንብል ውስጥ አስገባ። የአውሮፓ ጦር ሁሉ በየፊናው የከሰል ጭንብል መሥራት ያዘ። አሜሪካኖች በ1918 እ.ኤ.አ. ሕዝባቸውን የኮክና የሌላም ፍሬ ጠንካራ ዘር እንዳይጥል ለመኑ፤ ከእነዚያ የሚሠራው ከሰል ጥቅጥቅ ያለና ጋዝ የሚይዝ ነውና። ሕፃናት በየትምህርት ቤቱ የኮክ ዘር ሰበሰቡ።

ጭንብል ሲመጣ ግን መርዙም ተለወጠ። በ1917 እ.ኤ.አ. በዚያው ኢፕር ሌላ ነገር ተረጨ። ስሙን ከቦታው ወስዶ ኢፐሪት ተባለ። እኛ የሰናፍጭ ጋዝ የምንለው ነው። ከሥራው አንጻር ሽታው ለስላሳ ነው፤ ሰናፍጭ ወይም ነጭ ሽንኩርት ያስታውሳል። ሲነካ ወዲያው አያምም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይላጣል፤ ዓይን ይታወራል። ከሰሉ ሳንባን ያድናል፤ ቆዳን ግን የሚያድነው ምን አለ? ቀደም ብዬ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ከሰል የሚይዘው በእሱ ውስጥ ያለፈውን ብቻ ነው።

በ1925 እ.ኤ.አ. መንግሥታት ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው በመርዝ ጋዝ ላለመዋጋት ተፈራረሙ። ኢጣሊያ ይህን ውል ያጸደቀችው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ያንኑ ውል አፍርሳ በእኛ ላይ መርዝ ያዘነበችው ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ሁሌ ይሳሳታሉ ብለው ያርሙኛል። አልተሳሳትኩም። ቁጥሩ አንድ ሆነ እንጂ በመካከሉ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ አለ።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ አካባቢ የራስ እምሩ ሠራዊት ላይ አውሮፕላኖች እንግዳ የሆነ ነገር ጣሉ። እንደ ቦምብ አልፈነዳም፤ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ነው ያፈሰሰው። በመጀመሪያ ማንም ምንነቱን አላወቀም። ባዶ እግሩን የሚዋጋ፣ ጥጥ የለበሰ ሠራዊት ነው። ፈሳሹ ሣሩ ላይ ይቀራል፤ ሣሩን የረገጠ ይቃጠላል፤ ወንዙን የጠጣ ይቃጠላል። ጓድህን ለማንሣት የነካኸው እጅህ ይቃጠላል።

አዲስ አበባ ላይ ልዕልት ፀሐይና የእንግሊዝ ሚኒስትር ባለቤት ሌዲ ባርተን ያሉበት የሴቶች ማኅበር የጋዝ ጭንብል መስፋት ጀመረ። ከፍላኔል ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት ነው። እነዚያን ሴቶች ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ዓለም የከሰል ጭንብል ከሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ፋብሪካው አለ፣ ዕውቀቱ አለ። የእኛ እናቶች ግን በመርፌና በክር ነው የሰፉት። ደግሞ ያ ጭንብል ፍጹም ቢሆን እንኳ እግርን አይሸፍንም።

የቀይ መስቀል ልዑክ የነበረው ስዊሳዊ ሐኪም ማርሴል ዡኖ በማይጨው ጦርነት ሰሞን ቆረም ላይ በጋዙ ተቃጥለው የተጣሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው አሠራሩን ለዓለም አስረዱ። አውሮፕላኖቹ መርጫ ተገጥሞላቸው፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ፣ መርዙ እንደ ጭጋግ ተያይዞ አገሩን እንዲሸፍን ይረጩ እንደነበር ተናገሩ። ከወታደሩ ጋር ሴቱና ሕፃኑ፣ ከብቱ፣ ወንዙና ግጦሹ አብሮ እንደተረጨ ተናገሩ። አዳራሹ ሰማ። ከዚያ በኋላ በኢጣሊያ ላይ የነበረው ማዕቀብ ተነሣ።

*

አሁን ወደ ዋሻ ልውሰዳችሁ፤ ቁም ሳጥንም ትንሽ ዋሻ ነውና።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ በኩል፣ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ዘረት በሚባል ዋሻ ተጠለሉ። የአካባቢው ሰው አመጸኛ ዋሻ ይለዋል። ውስጡ ሴቶች ነበሩ፣ ሕፃናት ነበሩ፣ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ እህልና ከብት ነበረ። የኢጣሊያ ጦር ዋሻውን ከበበ፤ በተኩስ ማስወጣት ሲያቅተው የኬሚካል ክፍሉን አመጣ። የሰናፍጭ ጋዝና አርሴኒክ ያለበት መርዝ ወደ ዋሻው ተላከ።

የሰናፍጭ ጋዝ ተን ከአየር ከ5 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም፤ ይወርዳል። ዋሻ ደግሞ በአንድ አፍ ብቻ ይተነፍሳል። መግቢያውም መውጫውም ያው ነው፤ በዚያ ላይ መሣሪያ ተጠምዷል። እጃቸውን ሰጥተው ከወጡት ብዙዎቹ ተረሸኑ። ውስጥ የቀሩት እዚያው ቀሩ። የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ያ ዋሻ ለብዙ ዓመታት ከአካባቢው ሰው በቀር ያወራለት አልነበረም። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ የራሱን አገር የጦር ሰነድ ተከትሎ ቦታው ድረስ ሄዶ በ2006 እ.ኤ.አ. ለዓለም አወጣው። አጥንቱ እዚያው ነበር።

ኢጣሊያ ውስጥ ስለ ጋዙ ለስልሳ ዓመት ያህል ተክዷል። አንጀሎ ዴል ቦካ የሚባለው የታሪክ ሰው ሰነድ እየጠቀሰ ሲጽፍ ከሃዲ ተባለ። በወጣትነቱ በጦርነቱ የተሳተፈው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ "እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ጋዝ የሚባል አላየሁም" በሚል ሲከራከረው ኖረ። በ1996 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማው ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን አመኑ። ሞንታኔሊም ዴል ቦካን ይቅርታ ጠየቀ። በቦታው የነበረና አፍንጫ ያለው ሰው አልሸተተኝም አለ። ወረቀቱ ግን ይዞት ነበር።

ስለ ዋሻና ስለ ካናቢስ ካነሣሁ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ1971 እ.ኤ.አ. ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ዋሻ ውስጥ በተደረገ ቁፋሮ የሸክላ ጋያ ጫፎች ተገኙ፤ ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይደርሳል። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቭ የተባለ ተመራማሪ ውስጣቸው የቀረውን ጥቀርሻ ሲመረምር በሁለቱ ውስጥ የካናቢስ ቅሪት አገኘ። ያጨሰው ሰው ከሞተ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል። ሽታው ሄዷል፤ ነገሩ ግን አልሄደም። ለጎረቤቴ ይህን ስነግረው ሳቀ። "ቲቸር፣ እኔን ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ቢይዙኝ ግድ የለኝም" አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

*

ከዚያ በኋላ ግን አልሳቅንም። የክፍሉን ኮርኒስ ወደ ላይ አሳየሁት።

ቬንትሌተር አንድ ባልዲ አየር ካስወጣ አንድ ባልዲ አየር ከሆነ ቦታ መግባት አለበት። አየር ከባዶ አይፈጠርም። በሩ ዝግ ነው፤ ሽታ እንዳይወጣ ብለህ መስኮቱን በላስቲክ ሸፍነሃል። ታዲያ ከየት ይገባል? የአንተ ኮርኒስና የጎረቤትህ ኮርኒስ አንድ ጣሪያ ነው የሚጋሩት። በዚያ በኩል ይገባል። ከጎረቤትህ በኩል ደግሞ ያለው ምንድነው? አራስ ልጅ ያላት እህታችን የምታበስልበት የከሰል ምድጃ ነው። ከግድግዳው ኋላ የግቢው ጀነሬተር አለ። ቬንትሌተሩ የእነሱን አየር እየጎተተ ወደ አንተ መኝታ ያመጣዋል።

"ከሰሉ ይይዘው የለ?" አለኝ።

አይይዘውም። በመጀመሪያ ነገር ማጣሪያው መውጫው ላይ ነው ያለው፤ አንተ የምትተነፍሰው ደግሞ መግቢያውን ነው። ሁለተኛ፣ ከከሰል ምድጃና ከጀነሬተር የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ትንሽና ቀላል ሞለኪውል ነው፤ አክቲቬትድ ካርቦን በክፍል ሙቀት አይዘውም፤ እንዳለ ያልፋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አሜሪካኖች ለዚህ ጋዝ ብቻ ሆፕካላይት የሚባል የማንጋኒዝና የመዳብ ኦክሳይድ ድብልቅ መፍጠር ያስፈለጋቸው የከሰሉ ጭንብል ስላልበቃ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰው ተኝቶ እያለ ሳይሰማው ይሞታል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ጁባ በመጣሁበት የመጀመሪያው ክረምት አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባነው። እንደ አገራችን ወግ ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ አልፎ ከሰሉ ሲቀላ ነበር ያስገባነው። ጥንቃቄ ያደረግን መስሎን ነበር። ሽሮውን በልተን፣ ቡናውን ጠጥተን፣ እጣኑን ጣል አድርገን፣ ለወባ ትንኝ ብለን በሩን ዘጋን። ክፍሉ ጥሩ ይሸት ነበር። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ። ድካም መሰለኝ። ከዚያ አንዱ ጓደኛችን አስመለሰው፤ ምግቡ መሰለን። ልነሣ ስል ጉልበቴ እንቢ አለኝ።

ያዳነችን ደቡብ ሱዳናዊት ጎረቤታችን ናት። ያስቀመጠችውን ባልዲ ፈልጋ በሩን ስታንኳኳ መልስ አጣች፤ ገፍታ ከፈተችው። ምድጃውን በእጇ ጎትታ ዝናቡ ውስጥ ጣለችው፤ እኛንም አንድ በአንድ አወጣችን። ቋንቋዋን ገና አናውቅም ነበር። ስድብ ይሁን ጸሎት የማናውቀው ነገር እየጮኸች ነበር። ዛሬም ሳገኛት እናቴ ነው የምላት።

እንግዲህ ይታያችሁ። ጭስ ያለበትን ከሰል ስለሚሸት ፈርተን ውጭ አቆየነው፤ ሲቀላና ሽታው ሲጠፋ አመንነው። የቀላ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አይተውም። የለንደን ሰው በ1854 የሠራውን ስሕተት እኛ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ቆይተን በሽሮ ድስት ደገምነው። አፍንጫችን ያልነገረንን አደጋ የለም ብለን ተኛን።

*

ጎረቤቴ ምን ወሰነ? ቁም ሳጥኑን ነገር ተወው አልተወው እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ እስካሁን ግን አልሠራውም። ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ "ቲቸር፣ ያ ቬንትሌተር ለማብሰያ ቢሆንስ?" አለኝ። የግቢው ሰው ተነጋገረ። ገንዘብ ስላልነበረን ቬንትሌተር አልገዛንም። ግን ከኋላ በኩል የጋራ ዳስ ሠራን፤ ዝናብ ቢመጣም ምድጃ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በየክፍሉ ደግሞ ከበሩ ሥር አንድ፣ ከጣሪያው ሥር ሌላ ክፍተት ከፍተን ወንፊት ሽቦ መታንበት። ሞቃቱ አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። ሣር ክዳኑ ሳይነገረው ይሠራው የነበረውን ነው እኛ በመጋዝ የሠራነው።

ጁባም ሆናችሁ ካምፓላ፣ ናይሮቢም ሆነ ካርቱም፣ በቆርቆሮ ክፍል የምትኖሩ ወገኖቼ ይህችን ያዙልኝ።

የቀላ ከሰል ተኝታችሁበት አትደሩ፤ አንድም ሌሊት፣ ለዝናብም ለብርድም ብላችሁ።

ጀነሬተር ከመኝታ ግድግዳ አርቁ፤ ጭሱ ወደየት እንደሚነፍስም እዩ።

ክፍተት ሁለት ይሁን፣ ከታችና ከላይ። አንድ ብቻ ከሆነ ዋሻ ነው።

እጣን፣ ሽቶ፣ ማጣሪያ፣ አንዳቸውም ከካርቦን ሞኖክሳይድ አያድኑም። ጥግ ላይ የተቀመጠ ጥሬ ከሰል ጭሱን ይስባል የሚሏችሁንም አትስሙ።

አንድ ቤት ውስጥ ያላችሁ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁና ካጥወለወላችሁ ምግቡን አትጠርጥሩ። በሩን ክፈቱ፣ ውጡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ሂዱ። ዝም ያለ በር ካያችሁ ደግሞ ግፉት። እኔ ዛሬ ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት በር ስለገፋች ነው።

ዘረት ዋሻ ውስጥ ለነበሩት በር የሚከፍት አልነበረም። ለእኛ ግን አለ፤ እርስ በርሳችን።

ላልደረሰው አድርሱልኝ። በተለይ ዘንድሮ አዲስ ለመጡት።